የገሳይዋ ሴት ሙሾ

እንግሊዝኛ አስጠናሁ ብል የሚስቅብኝ ይኖራል፤ ይሳቅ። የትምህርት ቤት በር ላይ ልጅ ስጠብቅ ብዙ ተቀምጫለሁ እንጂ በሩን አልፌ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ካዘልኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ድንጋይ ላይ ሆኜ ነው። ከእንግሊዝ ፊደል የማውቀው አራት ብቻ ነው። ኤ የጎጆ ጣሪያ ይመስላል። ቢ ጡቷም ሆዷም የገፋ ሴት ናት። ሲ ማጭድ ነው። ዲ ደግሞ ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር። ለፈተና እነዚህ አራቱ ይበቃሉ፤ መልስ ከነሱ አይወጣም።

የማስጠናት የሴት ልጄን ልጅ ነበር። ልጅቱ ስድስት ዓመት ሲሆናት እናቷ እኔ ጋ ትታት አረብ አገር ሄደች፤ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመጣለሁ» ብላ። ሁለቱ ዓመት አሥራ ሁለት ሆነ። ያኔ ደብረ ታቦር ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ስልክ ስላልነበረን ልጄ እሑድ እሑድ በጎረቤታችን በባለሱቋ ስልክ ትደውልልናለች። ባለሱቋ ሙስሊም ናት፤ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ሳሙናና ጨው ትሸጣለች። እሑድ ከሰዓት ስልኩን ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጣ ማንም እንዳይነካው ትጠብቅልን ነበር።

የኔ ሥራ ማልቀስ ነበር። አዎ፣ ሥራ ነው። ለቅሶ ቤት ሄጄ ሙሾ አወርዳለሁ፤ የሟቹን ዘር፣ ሙያውን፣ የተወውን ሰው እየጠራሁ ሕዝቡን አስለቅሳለሁ። እግሬም መቀመጥ አይወድም። ሐሙሲት ከተማ ተጠርቼ ሄጄ፣ ስመለስ ደግሞ «ገሳይ ከተማ ሰው ሞቷል» ሲሉኝ ቤቴን ሳልረግጥ አልፋለሁ። ባሌ በሕይወት ሳለ «አንቺን ያገባሁት መንገድ ላይ ነው፤ የምትሞችውም መንገድ ላይ ነው» ይለኝ ነበር። እሱ ቤቱ ሞተ፤ እኔ እስካሁን መንገድ ላይ ነኝ።

ወደ ጥናቱ ልመለስ። ልጅቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ የሚያስጠናት ሰው አጣች። ጓደኞቿ ተከፍሎት የሚያስጠና ነበራቸው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደብተሯን ጭኔ ላይ አኖረችና፣ «እምዬ፣ ይጠይቁኝ» አለችኝ።

«ምኑን አውቄ?»

«ማወቅ አያስፈልግም፤ መጠየቅ ብቻ ነው። መምህሮቹም እንደዚያው ናቸው።»

አየሁት። በግራ በኩል የእንግሊዝኛውን ስም በእኛ ፊደል ጽፋዋለች፤ ሲሚሊ፣ ፐርሶኒፊኬሽን፣ ኤለጂ። በቀኝ በኩል ትርጉሙን በአማርኛ። እኔ ስሙን እጠራለሁ፤ እሷ በእንግሊዝኛ ትለዋለች፣ ከዚያ በአማርኛ ትደግመዋለች፣ እኔ በጣቴ እየተከተልኩ አመሳክራለሁ። ሰዋስው ሲሆን ደግሞ ባዶ ቦታ ያለበትን ታነባለች፤ «መልሱ ቢ» ስትል እኔ ከመጽሐፉ ጀርባ ያችን ሆዳም ሴት እፈልጋለሁ። መካከላችን አንድ ሳህን የሽምብራ ቆሎ አለ። ካገኘች እሷ አንድ ትበላለች፤ ከሳተች እኔ እበላለሁ። ጥርስ ስለሌለኝ እንድታገኝ እጸልያለሁ።

ኤሴይ የሚሉትንም አስረዳችኝ። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ አለው አለች።

«ሙሾ ነዋ!» አልኳት። «መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነ ትናገሪያለሽ። ከዚያ ምን እንደሠራ። መጨረሻ ላይ እሱ ሲሄድ ማን ምን እንደሚሆን።»

ሳቀች። «መምህራችን ሁለት ሳምንት የፈጀበትን በአንድ አፍ ጨረሱት!»

ከዚያ ወዲያ ምሳሌ ሁሉ ከእኔ ሆነ። አንድ ጊዜ ለአንድ ገበሬ ያወረድኳትን ነገርኳት፤

ቀንበር አንቀላፍቶ፣ ሞፈሩም ሲተኛ፣
ባለቤቱ ሄደ እንደ መንገደኛ።

ብድግ አለች። «ቀንበር አንቀላፋ! ግዑዙን ሰው አደረጉት፤ ፐርሶኒፊኬሽን! እንደ መንገደኛ፣ ሲሚሊ! ሁለት ሽምብራ!»

«ሟቹ ቢሰማሽ ምን ይል?» አልኳት። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ከሰዓት በኋላ በዕድሜዬ ብዙ አላየሁም።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ የማርያም ቀን ከቅዳሴ ስወጣ የንስሐ አባቴ በእጃቸው ጠሩኝ። ከአጥሩ ውጭ ባለሱቋ ቆማለች። ሱቋን በዚያ ጠዋት ዘግታ ከቤተ ክርስቲያን በር ምን አመጣት? ስንቱን መርዶ አይቻለሁ፤ ሰው መርዶ ሲይዝ እጁን የሚያደርግበት ያጣል። እሷም የሻሿን ጫፍ ትፈታለች፣ መልሳ ትቋጥራለች።

«ማንን ነው አባ?» አልኩ።

«ቁጭ በይ ልጄ።»

«ማንን ነው?»

«አረብ አገር ያለችውን» አሉኝ።

ሦስት ቀን ታማ ነው አሉ። እዚያው ቀብረዋታል። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ባለሱቋ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠችና «ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ምነው እጄ በተቆረጠ!» አለች። «ወደ አንቺ መምጣት አቃተኝ እታለም። መርዶ ሥርዓት አለው ብዬ ወደ እሳቸው ሄድኩ።»

ሥርዓትስ አለው። ነፍሰ ጡርን፣ አራስን፣ መንገድ የጀመረን፣ እህል በአፉ የያዘን አታርዳ ይባላል። እኔ ራሴ በየለቅሶው ይህን እየጠቀስኩ ስንቱን «ቆዩ፣ አሁን አትንገሩት» ብያለሁ። አባ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ እያሹ፣ «ልጅቱስ ፈተናዋ መቼ ነው?» አሉኝ።

«ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።»

«እንግዲያ እስኪያልፍ እንያዘው። ከአርባዋም በፊት ነው። ፍትሐቱን እኛ እናደርሳለን።»

«አባቶቻችን ተፈታኝ አላሉም እኮ» አልኳቸው።

«በነሱ ጊዜ ፈተና የለማ» አሉኝ።

እኛው ጨመርነው። ሦስታችን፣ ከአጥር ሥር ተቀምጠን፣ ከነፍሰ ጡርና ከአራስ ቀጥሎ ተፈታኝን ጻፍነው። ክፉ አስበን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ሳምንት እንዴት ብዬ ላውራው። ጸጉሬን አልተላጨሁ፣ ጥቁር አልለበስኩ። ነጠላዬን እንደ ደህና ሰው ደርቤ፣ ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ «ሜታፎር» እላለሁ። መንደሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ሴቶቹ ልጅቱ ስታልፍ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እሑድ ወደ ሱቅ ሄዳ ተመለሰች። «ኔትወርክ የለም አሉኝ» አለች። በሁለተኛው እሑድም የለም። «የአረብ አገር ኔትወርክ ከደብረ ታቦር መብራት ባሰ እንዴ!» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመና «ደህና ናት አይደል?» አለችኝ። «ሥራ በዝቶባት ነው» አልኳት። ባለሱቋ ያን ዕለት ሱቋን ቶሎ ዘጋች።

ሲጨንቀኝ ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ እወጣ ነበር። ለልጅቱ «ለቅሶ ተጠርቻለሁ» እላታለሁ፤ ውሸትም አልነበረም። ሰው ከሌለበት ስደርስ ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዝቃለሁ፤ ማሳ ለማሳ እየሄድኩ አለቅሳለሁ። ግጥሟ የመጣችልኝ እዚያ ነው። እኔ ግጥም አልፈልግም፣ እሱ ነው የሚፈልገኝ። ልጄ እኮ የሰው ልጅ ሲቀበር እንኳ እጄን ይዛ ነበር የምትቆመው፤ እሷ ግን አንድ ሰው ቆሞ ያላለቀሰላት ልጅ ሆነች። ሲበቃኝ ፊቴን በምንጭ ውሃ ታጥቤ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ማስተካከሉን ረሳሁት። ልጅቱ በር ላይ አየችኝና፣ «እምዬ፣ ነጠላዎ እንደ ተዘቀዘቀ ነው። የማን ለቅሶ ነው?» አለችኝ።

«የገሳይ ሴት ናት» አልኳት። «ልጇ ሞታባት።»

«የት?»

«አረብ አገር።»

«እግዜር ያጽናት» አለች። «እናቴን ይጠብቅልኝ።»

«አሜን» አልኩ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ፊቷ በርቷል። መምህሩ የመጨረሻ የቤት ሥራ ሰጥቷቸዋል፤ ከሃያ የሚታሰብ። እያንዳንዱ ከቤቱ አንድ ሙሾ ይዞ ይመጣል፣ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ስለሷ ኤሴይ ይጽፋል። ፈረንጆቹ ሙሾን ኤለጂ ነው የሚሏት።

«የቀንበሯን ጻፊያ» አልኳት።

«የቀንበሯን ለክፍሉ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ግማሹ እሷን ነው የሚያመጣው። አዲስ ይስጡኝ። የትናንትናይቱ የገሳይዋ ሴት ምን አለች?»

አንድ መቶ ሙሾ አውቃለሁ። የሽማግሌ አለ፣ የወታደር አለ፣ በወሊድ የሞተች አለ። አንዱን ብሰጣት ምን ነበረበት? ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ የተያዘ ነገር ነው፤ አፌን ስከፍት የወጣችው እሷው ነች፤

ደጁን አልዘጋሁም ትመጣለች ብዬ፣
በሰው አገር አፈር ቀረሽ ወይ ገላዬ።

ልጅቱ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆየች። «ይድገሙልኝ» አለች። ደገምኩላት። ጻፈቻት። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ደረቴ ቀለለኝ። ልጄ ተለቀሰላት ብዬ ነው መሰለኝ፤ ያውም በገዛ ልጇ እጅ ተጻፈች። ኃጢአቴ ይቺ ናት።

ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። «ደጁ ዝም ብሎ ደጅ አይደለም፤ ተስፋ ነው። ሲምቦል ይባላል። ገላዬ ብላ የሌለችውን እንዳለች አድርጋ ጠራቻት፤ አፖስትሮፊ!» እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች። «ሁለት ሽምብራ ይገባኛል። አይ፣ ሦስት፤ ደስ ስለምትል።» ቆረጣጠመቻቸው። «የምር እምዬ፣ ካወረዱት ሁሉ ይቺ ትበልጣለች።»

እኔ ሳህኑን አያለሁ።

በሳምንቱ ወረቀቱን እያውለበለበች መጣች። ከሃያ አሥራ ዘጠኝ። መምህሩ ለክፍሉ ጮክ ብሎ አንብቦላታል፣ አንዲት ልጅ አልቅሳለች። «አንዷን ለምን ቆረጠብሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«መደምደሚያ የለውም ብሎ ነው። ‹ሴትየዋ ከዚያ በኋላ ምን ሆነች?› ብሎ ጽፎብኛል። ምን ሆነች እምዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት።

ፈተናው ዓርብ አለቀ። ያን ዕለት ከሰዓት ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተኛች፤ ወር ሙሉ እንዲያ ተኝታ አታውቅም። ቅዳሜ ማለዳ አባና ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ሴቶቹ ከደጅ ቆመዋል፣ ባለሱቋም አለች። አባ ልጅቱን ቀስቅሰው አጠገባቸው አስቀምጠው ነገሯት። ጩኸቷን አልጽፈውም። ደረቷን ስትመታ ሴቶቹ እጇን ያዙ። ቤቱ ሞላ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ አልቃሿ እኔ ነኛ። እኔ ካልጀመርኩ ማን ይጀምራል?

ተነሣሁ። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። በሰው ፊት ለልጄ ሳለቅስ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላ አልመጣልኝም። እሷኑ አወረድኩ።

ደጁን አልዘጋሁም ትመጣለች ብዬ…

ልጅቱ ማልቀሷን አቆመች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ይቺን አውቃታለሁ» አለች።

ማንም አልገባውም። አንዷ ሴት «ሐዘኑ ነው፣ ውሃ አምጡ» አለች።

«ከሃያ አሥራ ዘጠኝ ያመጣሁባት ናት» አለች ልጅቱ፤ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ሽምብራ በላሁባት። ደስ ትላለች አልኩ። እናቴን አፖስትሮፊ ናት ብዬ ጻፍኩ፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ አየሽኝ።»

በሕይወቷ አንቺ ብላኝ አታውቅም። አባ «ልጄ፣ እኛ ነን ያዘዝናት» አሉ።

«መደበቁን አይደለም አባ» አለቻቸው። «መደበቁን እረዳለሁ።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሴቶቹ አዲስ ሙሾ ይጠብቃሉ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። በመጨረሻ ከመካከላቸው አንዷ፣ ድምፅዋ የማያምር፣ ስለ ማንኛዋም ሟች የሚባለውን አንድ የታወቀ ግጥም አነሣችልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሾ አውርጄ አላውቅም። ለቅሶ እሄዳለሁ፤ ከኋላ እቀመጣለሁ። «ድምፅሽ ምን ነካው?» ይሉኛል። «አርጅቷል» እላለሁ።

በማግሥቱ ወደ አንቱ ተመለሰች። እኔ ግን ያቺን አንቺን እፈልጋት ነበር፤ ቁጣም ቢሆን የቤት ሰው ቁጣ ነው። አዲሱ አንቱዋ የእንግዳ ነበረ። «እምዬ ምሳ በሉ? እምዬ መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ምንም አላጎደለችብኝም። ፈተናውንም አለፈች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ያንኑ እንግሊዝኛ ተማረች። ነግረናት ቢሆን ትወድቅ ነበር ወይ? ሰው ሲጠይቀኝ «ልክ ሠርታችኋል» እንዲለኝ ነው የምነግረው፤ እነሱም ይሉኛል። እኔ ግን አላውቅም። ባለሱቋ እስክትሞት ድረስ እሑድ ከሰዓት ስልኳ ሲጠራ ትደነግጥ ነበር።

ልጅቱ አሁን ሐሙሲት አስተማሪ ናት። ዓመት በዓል ሲደርስ ትመጣለች፤ እኔም ሲያሰኘኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ እሄዳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሳልነግራት ሄድኩ። ቤቷ ተዘግቷል። ጎረቤቷ «ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ማጠናከሪያ እያስተማረች ነው» ብላ አመላከተችኝ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ይግቡ እናቴ» አለኝ፤ እኔ ግን ከመማሪያ ክፍሉ መስኮት ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ ሁሉም ይሰማል።

ያንኑ ታስተምራለች። ሲሚሊ ስትል እኔ ቀድሜ በልቤ «እንደ ያለበት» እላለሁ። የቀንበሯን ሰጠቻቸው፤ ተማሪዎቹ እንደ ድሮው ተሻሙባት። ከዚያ ኤለጂ ላይ ደረሰች። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ብዙ ጻፈች። ዞር ብላ አነበበችላቸው፤

ደጁን አልዘጋሁም ትመጣለች ብዬ፣
በሰው አገር አፈር ቀረሽ ወይ ገላዬ።

አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ የማን ሙሾ ናት?» አለች።

«የአንዲት የገሳይ ሴት ናት። ልጇ አረብ አገር ሞታባት ነው።»

«ከዚያስ? ሴትየዋ ምን ሆነች?»

እኔ እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። የኔ ልጅ ጠመኔዋን ስታስቀምጥ ሰማኋት።

«የልጅ ልጅ ነበረቻት» አለች። «ለፈተና ታስጠናት ነበር። ሐዘኗን የምታወርድበት ሌላ ቦታ አልነበራትም።»

ከዚያ «ሲምቦሉን ማን ይነግረኛል?» ብላ ቀጠለች፤ ልጆቹም እጅ አወጡ መሰለኝ፤ እኔ የሰማሁት የለም።

ትምህርቱ ሲያልቅ ተማሪዎቹ በአጠገቤ አለፉ። እሷ ደብተሮቹን አቅፋ ወጣች፤ ስታየኝ ደነገጠች።

«እምዬ! መሬት ላይ? መቼ መጡ?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ። ከደብረ ታቦር ቋጥሬ ያመጣሁላትን ሽምብራ አቀበልኳት።

«አሁን ነው» አልኳት። «አሁን መድረሴ ነው።»